ሴንት ቶማስ አድጓል፤ የኛ ልጆችስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። የምጽፍላችሁ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ስላለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ስፖርቱ። ርዕሱ ለአማርኛ ጋዜጣ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ላለው የሚኒሶታ ሐበሻ ግን በጣም ቅርብ ነው፤ ስለዚህ ቦታ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ዩኒቨርሲቲው ሴንት ቶማስ ይባላል። በሰሚት ጎዳና ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ሲሄዱ ግቢው በግራም በቀኝም ነው። የካቶሊክ ተቋም ነው፤ በ1885 ተመሠረተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ብዙዎቻችን ወደ ሥራ ስንሄድ በአጠገቡ እናልፋለን። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ስፖርቱ ላይ የሆነውን ነገር የሚያውቅ ሐበሻ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሴንት ቶማስ ሚያክ የሚባለውን የሚኒሶታ የግል ኮሌጆች ሊግ በ1920 ከመሠረቱት አንዱ ነበር። ሊጉ ዲቪዥን 3 ነው። ዲቪዥን 3 ማለት በስፖርት ችሎታ ስኮላርሺፕ የማይሰጥበት ደረጃ ነው። ልጁ ይማራል፣ ከትምህርቱ ጎን ይጫወታል፣ በቃ። ችግሩ ሴንት ቶማስ ከሊግ ጓደኞቹ እጅግ ገዘፈ። ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይዞ፣ አብዛኞቹ ግማሹን እንኳ ከማይሞሉ ኮሌጆች ጋር ይጫወት ነበር። በ2017 ሴንት ኦላፍ የተባለውን ኮሌጅ በአሜሪካ ፉትቦል 97 ለ 0 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ከሴንት ጆንስ ጋር ታርጌት ፊልድ ስታዲየም ላይ ሲገናኙ 37,355 ሰው ገባ፤ በዲቪዥን 3 ታሪክ ያን ያህል ተመልካች ታይቶ አያውቅም። ሌሎቹ ኮሌጆች ከዚህ በላይ አልቻሉም። በ2019 ሊጉ "ውጣልን" አለው። መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሊግ፣ ራሱን ካቋቋሙት መካከል አንዱን አስወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመው። ሌላ ኮሌጅ ቢሆን ሌላ ዲቪዥን 3 ሊግ ፈልጎ ይገባ ነበር፣ ወይም ቀስ ብሎ ዲቪዥን 2ን ይሞክር ነበር። ሴንት ቶማስ ግን በቀጥታ ወደ ከፍተኛው ደረጃ፣ ወደ ዲቪዥን 1 ልግባ ብሎ ኤንሲኤኤን ጠየቀ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር ማለት ነው። በ2020 ተፈቀደለት፣ በጁላይ 2021 ገባ። በዘመናዊው የኮሌጅ ስፖርት ከዲቪዥን 3 በቀጥታ ወደ ዲቪዥን 1 የተሻገረ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። አብዛኞቹ ቡድኖቹ ሰሚት ሊግ ገቡ። ፉትቦሉ ደግሞ ፓዮኒር ሊግ ገባ፤ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2022፣ ሊጉን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ወሰደው። ግን አዲስ ገቢ ስለነበረ ለብሔራዊው የጥሎ ማለፍ ውድድር አልተፈቀደለትም። በቅርጫት ኳስም በ2025 የሰሚት ሊግ ፍጻሜ ደርሶ በኦማሃ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተሸነፈ። አሁን የሽግግር ጊዜው አልቋል፤ ከ2025-26 የውድድር ዓመት ጀምሮ እንደማንኛውም የዲቪዥን 1 ትምህርት ቤት ነው።

ሕንጻውም ተከተለ። በ2023 ሊ እና ፔኒ አንደርሰን የተባሉ ባልና ሚስት 75 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። በስማቸው የተጠራው አሬና ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በ2025 መጸው ተከፈተ። ለሆኪ ወደ 4 ሺህ ሰው ይይዛል፣ ለቅርጫት ኳስ ከ5 ሺህ በላይ። የአካባቢው ነዋሪዎች ገና ከጅምሩ ተቃውመውታል። መኪና የት ይቆማል፣ ትራፊኩስ እንዴት ይሆናል ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2024 የሚኒሶታ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከተማው የተቀበለው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት በቂ አይደለም ብሎ ፈርዶላቸዋል። ግንባታው ግን አልቆመም። በመኪና ማቆሚያው ነገር እኔም ከነዋሪዎቹ ጋር ነኝ። በክረምት፣ በረዶ መንገዱን ግማሽ አድርጎት፣ በዚያ ሰፈር መኪና ማቆሚያ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ቢሆንም አሬናው ባይሠራ ይሻል ነበር አልልም። ከተማችን ውስጥ ጥሩ ነገር ሲሠራ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህ ሁሉ ዕድገት ለኛ ልጆች ምን ማለት ነው?

ሴንት ቶማስ ዲቪዥን 3 በነበረ ጊዜ ጎበዝ ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች የሆነ ልጅ በችሎታው አንድ ዶላር አይሰጠውም ነበር። በትምህርት ውጤቱ ወይም በቤተሰቡ ገቢ ብቻ ነበር የሚረዳው። ክፍያው ደግሞ ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ መኝታውና ምግቡ ሳይቆጠር። አባቱ ኡበር የሚነዳ፣ እናቱ ነርሲንግ ሆም የምትሠራ ልጅ ስለዚህ ግቢ አያስብም፤ ትክክልም ነው። አሁን ግን በሩ በሌላ በኩል ተከፍቷል። ዲቪዥን 1 ስለሆነ በአገር አቋራጭ፣ በትራክ፣ በእግር ኳስ፣ በቅርጫት ኳስ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል። ከቤታችን በአውቶቡስ የሚደረስበት ዲቪዥን 1 ትምህርት ቤት! እስከ 2021 ድረስ በመላው ሚኒሶታ አንድ ብቻ ነበር፤ የመንግሥቱ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ። አሁን ሁለት ሆነዋል።

ወላጆች ዘንድ ግን የምሰማው ሌላ ነው። እድር ላይም፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሻይ ስንጠጣም፣ ስለ ልጆች ወሬ ሲነሣ ስፖርት የትምህርት ጠላት ተደርጎ ነው የሚወራው። "ሩጫውን ተውና አጥና" የሚባለው ልጅ ብዙ ነው። ወላጅ ከፍርሃት ነው የሚለው፣ ይገባኛል፤ እኛ ስደት የመጣነው ልጆቻችን እንዲማሩ ነውና። ነገር ግን እዚህ አገር ስፖርቱ ራሱ የትምህርት መንገድ ነው። ያሬድ ኑጉሴን እዩት። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ እሱ ሉዊቪል ኬንታኪ የተወለደ ነው። ሁለተኛ ደረጃ እስኪገባ ድረስ ሯጭ አልነበረም። ከዚያ ኖትር ዳም ገባ፤ እሱም የግል የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ባዮኬሚስትሪ ተማረ። በ2019 በ1500 ሜትር የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በ3:27.80 ነሐስ አገኘ። ባዮኬሚስትሪውንም አልተወ፣ ሩጫውንም አልተወ። እዚሁ ሚኒሶታም ከሪችፊልድ ሁለተኛ ደረጃ የወጣው ኦብሳ አሊ በ2018 ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ በ3000 ሜትር መሰናክል የአገሪቱ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል። ሪችፊልድ ሩቅ አይደለም፤ ኤርፖርቱ ጎን ነው።

ይህን ስል ግን ወላጆች ወደ ሌላው ጫፍ እንዳይሄዱም እሰጋለሁ። "ዲቪዥን 1" የሚለው ስም ያስጎመጃል። አሰልጣኙ ፈገግ ብሎ እጅ ሲጨብጥ፣ ማልያ ሲያሳይ፣ አሬናውን ሲያስጎበኝ ብዙ ሰው ሁሉም ነገር በነጻ የሆነ ይመስለዋል። አይደለም። ለብዙ ዓመታት በነበረው ደንብ አንድ ዲቪዥን 1 ትምህርት ቤት በወንዶች ትራክና አገር አቋራጭ አንድ ላይ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር። በወንዶች እግር ኳስ 9.9። ያንን አሰልጣኙ ለሠላሳ ምናምን ልጅ ይበታትነዋል። አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሩብ፣ አንዱ የመጽሐፍ መግዣ፣ አንዱ ምንም። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ደንቡ በፍርድ ቤት ስምምነት ተለውጧል። በስምምነቱ የገቡ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነሥቶላቸዋል፣ በምትኩ በቡድኑ የሚያዘው የልጅ ቁጥር ተገድቧል፤ ከፈለጉም ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ይችላሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ያ ገንዘብ ወደ ሯጮች የሚሄድ አይምሰላችሁ። ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ነው የሚበላው። እዚሁ ሴንት ቶማስም ቢሆን ሁሉም ስፖርት እኩል አይደለም፤ ፓዮኒር ሊግ ለምሳሌ የፉትቦል ስኮላርሺፕ የማይሰጥበት ሊግ ነው። ስለዚህ ወላጅ ሲጠይቅ "ስኮላርሺፕ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃውም። ስንት ዶላር ነው? ለስንት ዓመት ነው? ልጄ ቢጎዳ ይቀጥላል ወይ? አሰልጣኙ ቢቀየርስ? መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ ማለት ነው። ነውር አይደለም። ፈረንጅ ወላጆች ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠይቁት።

ሌላም አለ። የስፖርት ፕሮግራም ሲያድግ ሁሉም ቡድን አብሮ ያድጋል ማለት አይደለም። ከወንዙ ማዶ ያለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በኦክቶበር 2020 የወንዶች ቴኒስን፣ የወንዶች ጂምናስቲክን፣ የወንዶች የቤት ውስጥ ትራክን ዘጋ። የውጭው ትራክም ሊዘጋ ነበር፤ ሰው ጮኾ ነው የተረፈው። ስታንፎርድም፣ ያን ያህል ሀብት ያለው የግል ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው በ2020 11 ቡድኖችን እዘጋለሁ ብሎ አወጀ፤ ተማሪዎቹና የቀድሞ ስፖርተኞቹ ተሟግተው በ2021 ውሳኔውን ሻረ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚታዩት ትኬት የማይሸጡት ስፖርቶች ናቸው። የኛ ልጆች የሚበዙት ደግሞ እነሱ ላይ ነው። ሩጫ ላይ። እግር ኳስ ላይ። ሆኪ የሚጫወት ሐበሻ ልጅ ስንት ታውቃላችሁ? ጫማው፣ ትጥቁ፣ የበረዶ ሜዳው ኪራይ፣ ጉዞው፣ ሁሉም ገንዘብ ነው፤ ልጁ ደግሞ ገና በአምስት በስድስት ዓመቱ መጀመር አለበት። ሚኒሶታ የሆኪ አገር ናት፣ ሴንት ቶማስም ሆኪን ቢያስቀድም አልፈርድበትም። ግን ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ሕንጻ በዋናነት ለሆኪና ለቅርጫት ኳስ ከሆነ፣ ለትራኩና ለእግር ኳሱ ምን ታስቧል ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው። የዚህ ከተማ ነዋሪዎች ነን። ትራፊኩም የኛ ነው።

እዚህ ላይ ለሴንት ቶማስ ሚዛናዊ መሆን እፈልጋለሁ። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ2017 ዶኸርቲ ፋሚሊ ኮሌጅ የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከፍቷል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች ነው የተቋቋመው። ላፕቶፕ ይሰጣቸዋል፣ ምግብ አለ፣ የአውቶቡስ ፓስ አለ፣ በትንንሽ ክፍል ነው የሚማሩት፣ ሁለቱን ዓመት ጨርሰው ወደ አራት ዓመት ዲግሪ ያልፋሉ። ይህን ያሰበ ሰው ከአሬናው የበለጠ ትልቅ ነገር ሠርቷል፤ እውነቴን ነው። ከተማው ውስጥ ያለ ደሃ ልጅ በራሱ መጥቶ በር እስኪያንኳኳ አልጠበቁትም። ፕሮግራሙን የሠሩት የልጁን ችግር አይተው ነው፤ ልጁ ለምን ኮሌጅ እንደማይጨርስ፣ ምን እንደሚጎድለው፣ በምን እንደሚመጣ። እኔ የምለው ስፖርቱም እንደዚያ ይታሰብ ነው። ይኸው ነው ጥያቄዬ። የሴንት ቶማስ የትራክና የእግር ኳስ አሰልጣኞች ወደ ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃዎች ይምጡ። ሴንትራል፣ ኮሞ ፓርክ፣ ሃርዲንግ፣ ሳውዝ። ልጆቹ እዚያ ናቸው። ብዙዎቹ የክለብ ኳስ የሚባለውን፣ በዓመት በሺዎች ዶላር የሚከፈልበትን፣ አይጫወቱም፤ ቅዳሜና እሑድ ፓርክ ውስጥ ነው የሚጫወቱት። አሰልጣኝ ደግሞ የክለብ ውድድር ላይ ብቻ ከፈለገ መቼም አያገኛቸውም። በትራክ እንኳ ይሻላል፤ ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ ሰዓት ደግሞ የቤተሰብ ገቢ አይጠይቅም።

እኛም የራሳችን ሥራ አለብን። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ ላይ ከየከተማው ቡድኖችን እየሰበሰበ ውድድር ያደርጋል። አስቡት፤ በሺዎች የሚቆጠር ሐበሻ በአንድ ስታዲየም ይሰበሰባል፣ ምግቡ፣ ሙዚቃው፣ የድሮ ጓደኛው ሁሉ ይገኛል፣ ደስ ይላል። ከሳምንቱ አንድ ቀን ተወስዶ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ብቻ ቢጫወቱ፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ የኮሌጅ አሰልጣኞችም ተጋብዘው ቢያዩዋቸው ምን ይከብዳል? ሜዳው ተከራይቷል። ዳኛው አለ። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር መጥተዋል። የጎደለው ለአሰልጣኞቹ በጊዜ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው። እኔ ለሚኒሶታዎቹ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

የወረቀቱንም ነገር ወላጅ ይወቅ። ዲቪዥን 1 ለመጫወት ልጁ በኤንሲኤኤ መመዝገብ አለበት። በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶች መጨረስ አለበት፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ሳይንስና የመሳሰሉት። ከነሱ አሥሩ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። በነዚያ ኮርሶች አማካይ ውጤቱ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ይህን በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰማ ልጅ በጣም ያሳዝናል፤ እግሩ ፈጣን ሆኖ ወረቀቱ ያስቀረዋል። በተለይ በ14 በ15 ዓመታቸው ከአገር ቤት የመጡ፣ የመጀመሪያውን ዓመት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ክፍል ያሳለፉ ልጆች ኮርሳቸው ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ 9ኛ ክፍል ላይ ሳሉ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ሄዶ ማነጋገር ነው። አስተርጓሚ ከተፈለገ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ይቻላል፣ ያቀርባሉ።

"ልጄ ዲቪዥን 1 የሚደርስ አይደለም" የሚል ወላጅም ይኖራል። ይሁን። ሚያክ አሁንም አለ፤ ኦግስበርግ፣ ሃምሊን፣ ማካሌስተር፣ ሁሉም እዚሁ ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ ውስጥ ናቸው። ዲቪዥን 3 ናቸው፣ በስፖርት አይከፍሉም፣ ግን የሚሮጥ ተማሪ ይፈልጋሉ፣ በትምህርት ውጤቱና በቤተሰቡ ገቢ የሚሰጡት እርዳታ ደግሞ አንዳንዴ ከዲቪዥን 1 ሩብ ስኮላርሺፕ ይበልጣል። ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ መደመር ነው። በስም መመረጥ የለበትም።

ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው አንድ ጥያቄ ነው። ልጁን በዩኒቨርሲቲ ስፖርት ያሳለፈ ሐበሻ ወላጅ በየከተማው አለ፤ በሚኒሶታ፣ በዴንቨር፣ በአትላንታ፣ በዲሲ። የልጆቹ ስም ሳይጠቀስ፣ ምን እንደተሰጣቸው፣ ምን ተብሎ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት ምን እንዳጋጠማቸው እንዲጽፉላችሁ ጋዜጣው ላይ ጥሪ አድርጉልን። አሁን ኖቬምበር ላይ ልጆች ለስፖርት ፊርማቸውን የሚያስቀምጡበት ጊዜ ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ቢወጣ ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ